ዝግ ነው ብሎ የደበቀው አስጎብኚ

ከምኒልክ አደባባይ ተነስቶ በራስ መኰንን ድልድይ ወደ አራት ኪሎ፣ ከዚያም በአምስት ኪሎ አድርጎ ወደ ስድስት ኪሎ የሚወጣው መንገድ ረጅም አይደለም። ጉልበት ያለው ሰው ሳይቆም ቢሄድበት አንድ ሰዓት አይፈጅበትም። የሚያስቆመው ነገር ግን ብዙ ነው። በአንዱ ጫፍ የዐፄ ምኒልክ የፈረስ ላይ ሐውልትና ባለ ስምንት ማዕዘኑ የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል፤ በመሐል የሚያዝያ 27 የድል ሐውልት፣ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራልና ድንቅነሽ ያለችበት ብሔራዊ ሙዚየም፤ በሌላው ጫፍ የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልትና ቀድሞ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የነበረው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ አሉ። ይህን ሁሉ በስልክ የሚያስጎበኝ መተግበሪያ ለመሥራት አራት ወጣቶች ተነሱ፦ ሁለት የሶፍትዌር ባለሙያዎች፣ አንዲት የታሪክ ምሩቅና አንድ ሠዓሊ። እኔ የተጠራሁት ሥራው ከተጋመሰ በኋላ ነው። ድርሻዬ ሰዎች መተግበሪያውን ይዘው ሲጓዙ አብሬ እየሄድኩ የሚሰናከሉበትን ቦታ መመዝገብ ነበር። ቡድኑም የገንዘብ ደጋፊውም ስማቸው እንዲነሣ ስላልፈለጉ እዚህ አልጠቅሳቸውም።

በማስታወቂያው ላይ «ራሱን ከእርስዎና ከአካባቢዎ ጋር የሚያስማማ አስጎብኚ» ተብሎ ተጽፏል። ሲሰሙት ቀላል ነው። ስልኩ የት እንዳሉ ያውቃል፤ ስንት ሰዓት እንደሆነ ያውቃል፤ በምን ቋንቋ እንደሚያነቡ ያውቃል። ስለዚህ በውስጡ ከተከማቹት ታሪኮች መካከል ለእርስዎ፣ አሁን፣ እዚህ የሚሆነውን መርጦ ያቀርባል፤ የማይሆነውን ይደብቃል። ጣጣው ያለው «ይደብቃል» የሚለው ላይ ነበር። ቡድኑ ግን ለወራት ጣጣውን የፈለገው ሌላ ቦታ፣ በካርታው ጥራትና በፕሮግራሙ ፍጥነት ላይ ነው።

ካቴድራሉ የጠፋበት ከሰዓት በኋላ

ጉዳዩን ግልጽ ያደረጉት አንድ ጡረታ የወጡ መምህርና ከውጭ አገር ለዕረፍት የመጣች ልጃቸው ናቸው። ቀኑ መሸት ማለት ጀምሯል። ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቅጥር ግቢ ውስጥ፣ ከጥዱ ሥር ቆመናል። መምህሩ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው በስልኩ ላይ የተዘረዘሩትን ቦታዎች ሁለቴ አነበቡ። የምኒልክ ሐውልት አለ። የዓድዋ ድል መታሰቢያ አለ። የቆሙበት ካቴድራል የለም።

«ልጄ፣ ይህ ነገር ጊዮርጊስን አያውቀውም እንዴ?»

«አባባ፣ ተዘግቶ ይሆናል። የተዘጋ ነገር አያሳይም ብለውናል እኮ።»

«የተዘጋውማ ሙዚየሙ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ይኸው ፊቴ ቆሟል!»

እውነታቸውን ነው። በመተግበሪያው የመረጃ ቋት ውስጥ ካቴድራሉና በግቢው ያለው ሙዚየም በአንድ ስም ተመዝግበው ነበር፤ የተሰጣቸውም የሙዚየሙ የሥራ ሰዓት ነው። ሙዚየሙ ሲዘጋ፣ የተዘጋ ቦታ አይታይ የሚለው የፕሮግራሙ ሕግ ሁለቱንም ከዝርዝሩ አወጣቸው። ሕጉን የጻፈው ወጣት ምክንያት ነበረው፤ ጎብኚ ሽቅብ ለፍቶ ሄዶ የተቆለፈ በር እንዳያገኝ ብሎ ነው። ምክንያቱ ደግ ነው። ውጤቱ ግን ንግሥት ዘውዲቱ የካቲት 4 ቀን 1909፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴም ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዘውድ የጫኑበትን ሕንፃ በሩ ላይ ለቆመ ሰው «የለም» ማለት ሆነ። የስምንት ማዕዘኑን ቅርጽ ለማየት ትኬት አያስፈልግም፤ ዞሮ ማየት ብቻ ይበቃል።

ለዚህ ዓይነቱ ችግር ከሩብ ምዕት ዓመት በፊት መልስ ተገኝቶለታል። በእንግሊዝ አገር የላንካስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1990ዎቹ ማብቂያ፣ ለከተማቸው ጎብኚዎች በእጅ የሚያዝ ኤሌክትሮኒክ አስጎብኚ ሠርተው ነበር። የዛሬው ስማርት ስልክ ገና አልነበረም። መሣሪያው ያለበትን ቦታ የሚያውቀው በከተማው ከተተከሉ የገመድ አልባ ኔትወርክ ጣቢያዎች የትኛው ሥር እንዳለ በመለየት ነው። መጀመሪያ ላይ ዝግ የሆኑ ቦታዎችን ከዝርዝሩ ያወጣ ነበር። ጎብኚዎች ተበሳጩ፤ ቦታው ዝግም ቢሆን ሄዶ ማየት የሚፈልግ ሰው ነበርና። ተመራማሪዎቹ ዝጎቹን ከማውጣት ይልቅ ወደ ዝርዝሩ ግርጌ ማውረድን መረጡ። ሌላም ነገር አስተዋሉ፤ መሣሪያው የሚፈቅደው ጎብኚው ስላለበት አካባቢ ብቻ መጠየቅን ሲሆን ሰው ይናደዳል። አራት ኪሎ የቆመ ሰው ስለ ፒያሳ ሊጠይቅ ይፈልጋል፤ የመጣበትም የሚሄድበትም ነው።

በአሜሪካ የጆርጂያ ቴክኖሎጂ ተቋምም በዚያው ዘመን በአፕል የእጅ ኮምፒውተር ላይ የተመሠረተ አስጎብኚ ሠርቷል፤ ቤት ውስጥ የቴሌቪዥን ማዘዣ ዓይነት የኢንፍራሬድ ጨረር፣ ከቤት ውጭ ጂፒኤስ ይጠቀም ነበር። የቡድኑ ልጆች እነዚህን ሥራዎች በስም ያውቋቸዋል። ያነበቧቸው ግን ቴክኖሎጂያቸው ስላረጀ ለመሳቅ ያህል ነው። ያረጀው መሣሪያው እንጂ የሰው ብስጭት አለመሆኑን ያሳዩዋቸው መምህሩ ናቸው።

ማስተካከያው ሲነገር አንድ መስመር ነው፦ መተግበሪያው ቅደም ተከተል ይቀይር፣ ምልክት ያድርግ፣ ነገር ግን አያጥፋ። ክርክሩ ግን ቀላል አልነበረም። ሠዓሊው ስክሪኑ ጠባብ መሆኑን እያነሣ «ሁሉንም ካሳየን ታዲያ ያስማማነው ምኑን ነው?» ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ የመጣው ከታሪክ ምሩቋ ነበር። እያንዳንዱን ቦታ ለሁለት ከፈለችው፤ ከውጭ የሚታየው አንድ፣ ገብተው የሚያዩት ሌላ። ለካቴድራሉ ከውጭ የሚነበበው ስለ ዓድዋ መታሰቢያነቱ፣ ስለ ቅርጹና ስለ ዘውድ ሥርዓቶቹ ሆነ፤ በውስጥ ያሉት የአፈወርቅ ተክሌ ሥራዎችና የሙዚየሙ ቅርሶች በሌላኛው ክፍል ገቡ። ማታ ለሚደርስ ሰው የመጀመሪያው ከላይ ይወጣል፤ ሁለተኛው «አሁን ዝግ ነው» ከሚል ጽሑፍ ጋር ከታች ይቀመጣል። ይህ የፕሮግራም ሥራ አይደለም። ጽሑፉን እንደገና መጻፍ ነው፤ ልጅቷ ብዙ ሌሊት ያመሸችበት እሱ ላይ ነው። ከመተግበሪያው ሁሉ ምርጡ ክፍልም በእኔ አስተያየት ይኸው ነው።

የስልኩ ቋንቋ ስለ ባለቤቱ ምን ይናገራል?

ሁለተኛው መሰናክል ሰዓት ነው። ይህ የመጣው ከራሳችን የሰዓት አቆጣጠር ነው።

መተግበሪያው የሰዓቱን አጻጻፍ የሚወስነው ከስልኩ ቋንቋ ነበር። ስልኩ በአማርኛ ከሆነ በኢትዮጵያ ሰዓት፣ በእንግሊዝኛ ከሆነ በአውሮፓውያን ሰዓት ይጽፋል። አንዲት የባንክ ሠራተኛ ስልኳ በእንግሊዝኛ ነው፤ እንደ ብዙው የከተማችን ሰው ስልኩን ስትገዛው እንደነበረ ተወችው እንጂ አስባበት አይደለም። የሙዚየሙ መክፈቻ «9:00» ተብሎ ሲመጣላት ዘጠኝ ሰዓት ብላ አነበበችና «ከሰዓት በኋላ ነው ለካ የሚከፍቱት» አለች። ጧት ለመሄድ አስባ የነበረውን ቅዳሜዋን በምሳ ሰዓት ልትጀምረው ነበር። በስድስት ሰዓት የሚራራቁ ሁለት አቆጣጠሮች በአንድ ስልክ ላይ ሲገናኙ ቁጥር ብቻውን ምንም አይናገርም። ቀትር ለአንዱ 6፣ ለሌላው 12 ነው።

ቡድኑ መጀመሪያ ያደረገው በማስተካከያ ገጹ ላይ ምርጫ ማስቀመጥ ነው። ያንን ገጽ የሚከፍት አልተገኘም። ሰው ማስተካከያ ፍለጋ የሚገባው አንድ ነገር ካስመረረው በኋላ ነው፤ ይህ ስሕተት ደግሞ አያስመርርም፤ ስሕተት መሆኑም አይታወቅም። ቀጥሎ «ከጠዋቱ 3 ሰዓት» ብሎ በቃል መጻፍ መጣ፤ በእንግሊዝኛው ገጽ ላይ ሁለቱም አቆጣጠር ጎን ለጎን ተቀመጡ። ከሁሉ የበለጠው መፍትሔ ግን ሰዓቱን ጨርሶ አለመጥራት ሆነ። «ሊዘጋ 40 ደቂቃ ቀርቶታል» የሚል ጽሑፍ አስተርጓሚም አቆጣጠርም አይሻም። ቆሞ ላለ መንገደኛ የሚያስፈልገውም ይኸው ነው። ለነገ ዕቅድ ለሚያወጣ ሰው ብቻ ሰዓቱ በቃል ተጽፎ ይወጣል።

ዓመተ ምሕረቱም እንዲሁ አስቸግሯል። መምህሩና ልጃቸው በሌላ ቀን ስድስት ኪሎ ሐውልቱ ሥር ቆመው፣ እሳቸው በአማርኛው ገጽ 1929፣ እሷ በእንግሊዝኛው 1937 አንብበው ተከራከሩ። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ስልኮቹ ግን እያንዳንዳቸው ለባለቤታቸው ብቻ ተስማምተው አባትና ልጅን አለያዩ። መተግበሪያ የሚሠሩ ሰዎች «ተጠቃሚ» ሲሉ አንድ ሰው በአንድ ስልክ ያስባሉ። በእኛ አገር ጉብኝት የቤተሰብ ነገር ነው፤ አንዱ ያነባል፣ ሌላው ያስተረጉማል፣ ሕፃኑ ይጎትታል። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ዓመተ ምሕረቶች በሁሉም ገጽ አብረው ይወጣሉ፤ የገጹ ቋንቋ የሚወስነው የትኛው ደምቆ እንደሚታይ ብቻ ነው።

ስለ ተጠቃሚ ዓይነት ካነሣሁ አይቀር፣ በመክፈቻው ላይ «ተማሪ ነዎት? ቱሪስት? ዲያስፖራ?» የሚል መጠይቅ ነበር። ወዲያው ተነሣ። የተጠየቀ ሁሉ ያሾፍ ነበር፤ አንድ ሰው «ቱሪስት» ብሎ የሞላው ከጉለሌ ስለመጣ መሆኑን ነግሮኛል።

የት ቆመዋል? ወዴት ያያሉ?

የጂፒኤስ ጉዳይ ብዙ የተባለለት ስለሆነ አላረዝመውም። ሰማዩ ገላጣ በሆነበት ቦታ ተራ ስልክ ቦታውን በ5 ሜትር አካባቢ ስሕተት ያገኛል። ከፍ ካሉ ሕንፃዎች ሥር ምልክቱ ከግድግዳ ላይ እየነጠረ ስለሚመጣ ስሕተቱ ይበዛል። በምኒልክ አደባባይ ግን ዋናው ችግር የርቀት ስሕተት አልነበረም። ሐውልቱ፣ ካቴድራሉና የካቲት 2016 የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ በዓይን ከሚደረስበት ርቀት ሳይወጡ ተቀራርበው ቆመዋል። ስልኩ የት እንዳሉ በትክክል ቢያውቅ እንኳ ወዴት እያዩ እንደሆነ አያውቅም። የመጀመሪያው ንድፍ ለእያንዳንዱ ቦታ ክብ ያሰምርና ሰው ወደ ክቡ ሲገባ ትረካውን በራሱ ይጀምር ነበር። ክቦቹ እላያቸው ላይ ተደራረቡ። ጣሊያን ስላወረደውና ከድል በኋላ ወደ ቦታው ስለተመለሰው ሐውልት መስማት የጀመረ ሰው፣ ሦስት እርምጃ ሲራመድ ትረካው ተቋርጦ ስለ ካቴድራሉ ይነገረዋል፤ መለስ ሲል ሐውልቱ ከመጀመሪያው ይጀምራል።

የስልኩን ኮምፓስ እንጠቀም የሚል ሐሳብ መጣ። ኮምፓሱ በመኪናና በብረት አጥር አጠገብ ይስታል፤ አደባባይ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር የለም። በመጨረሻ የቀረው ማሽኑ በጣም ርካሽ የሆነውን ነገር እንዲያደርግ ነው፤ መጠየቅ። ክቦች በተደራረቡበት ቦታ ሁሉ ሁለት ወይም ሦስት ፎቶዎች ይመጣሉ፤ ከላያቸው «የትኛውን እያዩ ነው?» የሚል ጽሑፍ አለ። በጣት አንዴ መንካት ነው። የሶፍትዌር ባለሙያዎቹ ይህን እንደ ሽንፈት ቆጠሩት፤ «ብልህ መተግበሪያ መጠየቅ የለበትም» የሚል እምነት ነበራቸው። አዲስ አበቤ ግን ከታክሲ ወርዶ ወዴት እንደሚሄድ ሳይጠየቅ ውሎ አያውቅም፤ ጥያቄው ማንንም አላስከፋም።

አቅጣጫ አነጋገሩም እንዲሁ ተቀየረ። «120 ሜትር ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይሂዱ» የሚለውን የሚከተል ሰው አላየሁም። «ሐውልቱን ወደ ኋላ ትተው ቁልቁል ወደ ድልድዩ ይውረዱ» ሲባል ግን ሁሉም ይሄዳል። ከራስ መኰንን ድልድይ እስከ አራት ኪሎ ያለው ሽቅብ ደግሞ በካርታ ላይ አይታይም። መተግበሪያው የጉዞ ጊዜ ሲያሰላ ሜዳ ላይ እንደሚሄድ ሰው ነበር፤ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ላለች ከተማ፣ በተለይ ከቆላ ወይም ከባሕር ዳርቻ አገር ለመጣ እንግዳ፣ ይህ ስሌት አያዋጣም። አሁን የመጀመሪያውን ቁልቁለትና ዳገት ሰውየው በስንት ደቂቃ እንደጨረሰ አይቶ የቀረውን በዚያ ያርማል። ከሁሉም የማስማማት ሥራዎች ያለ አንድ ቅሬታ ያለፈው ይህ ብቻ ነው። አንድም ነገር አይደብቅም፤ ግምቱን ብቻ ያስተካክላል።

ሁለት ነገሮች ደግሞ ከመንገዱ ጠባይ የመጡ ናቸው። ሕዝብ በሚበዛበት ቦታ ስልክ ከፍ አድርጎ ይዞ መሄድ ስርቆት ይጋብዛል፤ ስለዚህ ጽሑፉ ሁሉ በድምፅ ተቀረጸ፣ ስልኩም ኪስ ውስጥ ሆኖ እንዲሠራ ተደረገ። ከአራት ኪሎ ወደ ታላቁ (የምኒልክ) ቤተ መንግሥት በኩል ሲወርዱ ደግሞ «ስልክዎን ወደ ፊት አንሥተው ይመልከቱ» የሚለው መመሪያ በአጥሩ አካባቢ ጠፍቶ፣ በምትኩ ፎቶ ማንሣት እንደማይገባ የሚያስጠነቅቅ ድምፅ ተተካ። የሚጎበኘው ክፍል፣ በ2012 የተከፈተው አንድነት ፓርክ፣ የራሱ መግቢያና ሥርዓት አለው። አካባቢን ማወቅ ሲባል በእኔ ግምት ከዚህ ይጀምራል፤ ከሐውልት ዕድሜ በፊት ከጥበቃ ጋር የማያጣላ መሆን አለበት።

ክረምቱስ? የመጀመሪያው ንድፍ የአየር ትንበያ ከኢንተርኔት እያወረደ ዝናብ ሲኖር ወደ ሙዚየም፣ ፀሐይ ሲሆን ወደ አደባባይ ይመራ ነበር። የሐምሌ ዝናብ ግን ፒያሳን አበስብሶ ስድስት ኪሎን ሊተው ይችላል። ተጠቃሚው እየበሰበሰ ስልኩ «ብራ ነው» የሚልባቸው ቀናት ነበሩ። ትንበያው ተነሥቶ «ዝናብ መጣ» የምትል አንዲት ቁልፍ ገባች። ስትነካ በአቅራቢያ ያለውን መጠለያ ያለው ቦታ ወደ ላይ ታመጣለች።

መንደሩ ሲነሣ

ጽሑፎቹ የተዘጋጁት በ2015 ነበር። በ2016 አጋማሽ በኮሪደር ልማቱ የፒያሳ ሰፊ ክፍል ፈረሰ። ዶሮ ማነቂያ የተባለው ሠፈር ተነሣ፤ ጠባብ መንገዶች ጠፍተው ሰፋፊ የእግረኛና የብስክሌት መንገዶች ተዘረጉ። መተግበሪያው ግን «ከአሮጌው ዳቦ ቤት ወደ ግራ ይታጠፉ» እያለ ቀጠለ። ዳቦ ቤቱ የለም፤ ግራውም የለም።

ስለ ማስማማት የተጻፈው ሁሉ ማለት ይቻላል አካባቢው ባለበት ቆሞ ሰውየው እንደሚንቀሳቀስ ያስባል። እዚህ የሆነው ተገላቢጦሹ ነው። ሶፍትዌሩ የሰውየውን እርምጃ በሰከንድ እየተከታተለ ከተማዋ ከሥሩ ስትሄድ አላየም። የሶፍትዌር ባለሙያዎቹ ወዲያው ያደረጉት የፈረሱትን ቦታዎች ሁሉ ከመረጃ ቋቱ ማጥፋት ነው። ይህም የዝጉ ሙዚየም ሕግ ነው፤ ማየት የማትችለውን አላሳይህም።

አንዲት እናት ከልጃቸው ጋር መጡ። ልጅነታቸውን ያሳለፉት ዶሮ ማነቂያ ነው፤ ጉብኝቱን የፈለጉትም ሐውልት ለማየት አልነበረም። አዲሱ የእግረኛ መንገድ ላይ ቆመው ዙሪያውን ቃኙና ልጃቸውን «እስቲ የእኛ ሠፈር የት ጋ እንደነበር ጠይቂልኝ» አሏት። ልጅቷ ስልኩን ነካካች። ምንም የለም። «እማዬ፣ አያውቀውም» አለች። እናትየው በእጃቸው እያመለከቱ ራሳቸው ያስረዱን ጀመር፤ ይህ ወፍጮ ቤት፣ ያ የእነ እከሌ ግቢ። ያ ቀን ከመተግበሪያው ይልቅ እሳቸው ያስጎበኙን ቀን ነው።

ከዚህ በኋላ የተካሄደው ክርክር ከሁሉ የከረረው ነበር። ደጋፊው ድርጅት አስጎብኚ ያለውን እንጂ የሌለውን አያሳይም አለ። የታሪክ ምሩቋ ደግሞ የሌለውን የማያሳይ አስጎብኚ ስድስት ኪሎ ምን ሊሠራ ይሄዳል ብላ ጠየቀች፤ የካቲት 12 ቀን 1929 በገነተ ልዑል ቅጥር ግቢ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ሲወረወርም ሆነ በቀጣዮቹ ሦስት ቀናት ሕዝቡ ሲጨፈጨፍ ከነበረው ነገር ዛሬ የሚታየው ሐውልቱና ግቢው ብቻ ነው። ቡድኑ ከእሷ ጋር ቆመ። የፈረሱ ሠፈሮች «እዚህ ነበር» በሚል ርዕስ ሥር ተመለሱ፤ ሠዓሊው ነዋሪዎችን እየጠየቀ ሣላቸው። በራሳቸው አይናገሩም። ሰው ሲፈልጋቸው ግን በቦታቸው ናቸው።

የየካቲት 12 ትረካ ራሱ ሌላ ጥያቄ አስነሥቷል። ልጅ ይዞ ለመጣ ቤተሰብ ጭፍጨፋው እንዴት ይነገር? የዕድሜ ግምት በማስላት ትረካውን በራሱ የሚያለዝብ ንድፍ ቀርቦ ነበር፤ አልተቀበልነውም። አሁን ትረካው አጭር ሆኖ ይጀምራል፤ ጠለቅ ያለው ክፍል ምን እንደያዘ አስቀድሞ ተነግሮ ወላጁ ይከፍተዋል ወይም ይተወዋል። አንዳንዱ ወላጅ ከፍቶ ልጁን አቅፎ ሲያሰማ አይቻለሁ።

ወደ ካርታው ስንመለስ፣ ለሚለዋወጥ አካባቢ የተገኘው መላ ለእያንዳንዱ መረጃ ዕድሜ መስጠት ነው። ከእያንዳንዱ ቦታ ሥር «በእግር ተሂዶ የታየው» የሚል ወርና ዓመት አለ። ሐውልትና ካቴድራል ቶሎ አያረጁም፤ የአቅጣጫ ምልክቶች፣ መግቢያ በሮችና የሥራ ሰዓቶች ግን ቶሎ ያረጃሉ። ወራት ሲያልፋቸው መተግበሪያው «ይታጠፉ» ማለቱን ትቶ «መታጠፊያው ተቀይሮ ሊሆን ይችላል፤ ሰው ይጠይቁ» ይላል። ሰው ይጠይቁ የሚል መተግበሪያ እስካሁን አይቼ አላውቅም፤ ወድጄዋለሁ።

አሁን ያለበት

ቡድኑ ትቶት ያለፈው ነገርም አለ። መተግበሪያው ተዘግቶም ቢሆን ቦታን ከበስተጀርባ የመከታተል ሥራ ቀርቷል። አንድሮይድ 10 ከተባለው የስልክ ሥርዓት ወዲህ፣ ማለትም እንደ አውሮፓውያን ከ2019 ጀምሮ፣ ይህ ከተጠቃሚው ለብቻው የሚጠየቅ ፈቃድ ነው፤ የተጠየቀው ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል እምቢ አለ። መተግበሪያው ሲከፈት ብቻ ቦታን ማየቱ በቂ ሆኖ ተገኘ፤ ባትሪውም ተረፈ። ካርታውና ድምፁ በዋይፋይ አስቀድሞ ይወርዳል፤ መንገድ ላይ ዳታ አይጠይቅም።

ያልተፈታው የገንዘብ ጉዳይ ነው። «በእግር ተሂዶ የታየው» የሚለው ቀን እውነተኛ እንዲሆን አንድ ሰው በየወሩ መንገዱን መሄድ አለበት። ለጊዜው የሚሄደው አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ ከምኒልክ አደባባይ ተነሥቶ በሩ ክፍት መሆኑን፣ ምልክቱ መኖሩን፣ ፎቶው ከሚታየው ጋር መመሳሰሉን እያረጋገጠ ስድስት ኪሎ ድረስ ይወጣል። ደጋፊው ድርጅት ለሰርቨርና ለፕሮግራም ሥራ እንጂ ለእግር ጉዞ የሚከፍልበት የሒሳብ መደብ እንደሌለው አሳውቋል። ቡድኑ በሚቀጥለው ዓመት በጀት ላይ የተማሪውን ክፍያ «የመረጃ ጥራት» በሚል አርእስት ሥር አስገብቶ ልኳል፤ መልሱ ገና አልመጣም።